ካኑላው ሲያም «ቻሉት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ማታ አንዲት እናት ደወሉልኝ። የምንተዋወቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። የ11 ዓመት ልጃቸው ዓይነት 1 ስኳር አለበት። የኢንሱሊን ፓምፕ ከጀመረ ገና 4 ወሩ ነው። «ሆዱ ላይ የተሰካበት ቦታ ቀልቷል፣ ያቃጥለኛል ይላል። ግን 6 ቀን ሳይሞላው አትንቀሉት የሚል ጽሑፍ አንብቤ ተውኩት» አሉኝ። «ስንተኛ ቀኑ ነው?» አልኳቸው። አምስተኛ ቀኑ ነበር።

ንቀሉት አልኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ነቀሉት። ቀዳዳው ላይ ትንሽ መግል ነበረ። በሌላ ቦታ አዲስ ሰኩለት፣ በማግስቱም ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ልጁ አሁን ደህና ነው። እኔ ግን ጽሑፉን ላኩልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ምላሽ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ያስታውቃል። ዓይነት 2 ስኳር እንዳለባቸውና ፓምፕ ከጀመሩ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ነግረውናል። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕመሙ ይለመዳል፣ ቻሉት። የማያም ቦታ ካገኛችሁ አትልቀቁት። መሰኪያውን ቶሎ ቶሎ አትቀይሩ፣ 5 ወይም 6 ቀን ይቆይ። ረጅሙን ካኑላ (ከቆዳ በታች የምትገባዋን ቀጭን ቱቦ) ምረጡ። ሲያሳክክ ነጭ ሽንኩርትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀቡት። በጣም ሲብስባችሁ ደግሞ ፓምፑን ነቅላችሁ ለአንድ ሌሊት ሰውነታችሁን አሳርፉት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዓይነት 1 ስኳር የያዘኝ በ19 ዓመቴ፣ አዲስ አበባ እያለሁ ነው። አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ፓምፕ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። በየ3 ቀኑ እየቀየርኩ ካኑላ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሰክቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከሐኪሞቼና ከነርሶቼ የተማርኩትን፣ በራሴ ሆድ ላይም ያየሁትን ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፓምፑ ኪስ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ናት። ውስጧ ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ይሞላል። ከእሷ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። የቱቦው ጫፍ ላይ ፕላስተር ያለው መሰኪያ አለ፣ ከሥሩም ካኑላ የምንላት ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ከቆዳ በታች ትገባለች። ኢንሱሊኑ በዚያች ቀዳዳ ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ ይላል። ስንበላ የምንጨምረውን ቦለስ እንለዋለን።

«ሕመሙ የሚለመድ ነው፣ ቻሉት»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ካኑላው ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል። ያ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፣ እየተለመደም ይሄዳል። ለልጆች ደግሞ ማቅለያ አለው። ቦታውን ለአንድ ደቂቃ ያህል በበረዶ ማቀዝቀዝ ይረዳል። ሐኪም የሚያዘው ማደንዘዣ ቅባትም አለ። ከመሰካቱ አንድ ሰዓት በፊት ይቀባል፣ ከዚያ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል። ካልደረቀ ፕላስተሩ አይዝም።

ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው ሁሉንም «ሕመም» ብለው በአንድ ከረጢት ከተውታል። ካኑላው ከገባ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ስቀመጥና ስነሣ የሚወጋኝ ከሆነ ጡንቻ ነክቷል ማለት ነው ብዬ እነቅለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ ቦለስ ሲገባ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ችግሩ ከኢንሱሊኑ ቅዝቃዜ፣ ከመጠኑ ወይም ከፍጥነቱ ሊሆን ይችላል። እያደር የሚብስ፣ የሚሞቅ፣ የሚቀላና እየጠነከረ የሚሄድ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። መግል ካለ፣ ቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የማቃጠሉን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። እኔ እንጀራ ስበላ ወደ 10 ዩኒት ኢንሱሊን እፈልጋለሁ። ያ ሁሉ ባንዴ ሲገባ እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ነበር። አንዲት ነርስ ሁለት ነገር አሳየችኝ። አንደኛ፣ ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ እንዳወጣሁ ፓምፑ ውስጥ አልሞላም። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ እጠብቃለሁ። ቀዝቃዛው ያማል፣ ሲሞቅም ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ይፈጥራል። ሁለተኛ፣ የቦለሱን ፍጥነት ዝቅ አደረግን። ፍጥነት የሚያስመርጡ ፓምፖች አሉ። ከእነሱ መካከል በዝግታ ሲሆን በደቂቃ 1.5 ዩኒት፣ በፍጥነት ሲሆን 15 ዩኒት የሚሰጡ ይገኛሉ። 10 እጥፍ ልዩነት ነው! ይህ ከሌለ ደግሞ ቦለሱን ከፋፍሎ ወይም አራዝሞ መስጠት ይቻላል። የእኔ ማቃጠል በዚህ ብቻ ጠፋ። ችዬው ብኖር ኖሮ ይህን አላውቅም ነበር።

እኛ ቻይነትን እንወዳለን። ልጅ ሆነን መርፌ ስንወጋ ካላለቀስን «ጎበዝ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ለዚህም ይመስለኛል ሐኪም «ቦታው እንዴት ነው?» ሲለን «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን የምናልፈው። ነገር ግን የኢንሱሊን ታሪክ ራሱ የጀመረው የተወጋ ቦታን አይቶ «ይህ ልክ አይደለም» በማለት ነው። ኢንሱሊን ሌናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የተሰጠው ቶሮንቶ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ነው። መድኃኒቱ በደንብ ስላልተጣራ የተወጋበት ቦታ አበጠ፣ ስኳሩም ብዙም አልወረደለት። ሐኪሞቹ ልጁን ቻለው አላሉትም። መስጠቱን አቆሙ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ተመራማሪ መድኃኒቱን አጣራው። ከ12 ቀን በኋላ እንደገና ሲሰጠው ሠራ።

«የማያም ቦታ ካገኛችሁ አትልቀቁት»

በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። እኔ ራሴ የወደቅሁበት ጉድጓድ ነውና።

ፓምፕ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከእምብርቴ በስተ ግራ አንድ ወርቅ የሆነ ቦታ አገኘሁ። ስሰካ ምንም አይሰማኝም። ሌላ ቦታ ማን ይሞክራል? ሁልጊዜ እዚያው ሆነ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ስኳሬ ያለ ምክንያት ከፍ ይል ጀመር። ኢንሱሊን ጨመርኩ። አሁንም ከፍ አለ። ደግሞ ጨመርኩ። አንድ ቀን ነርሷ ሆዴን በጣቷ እየዳበሰች ያቺን ቦታ ስትነካ ቆም አለች። እጄን ይዛ እዚያው ላይ አኖረችው። እንደ ትንሽ ሎሚ የሚሆን ለስለስ ያለ እብጠት ነበር። ለወራት እዚያው ስሰካ አንድም ቀን አልዳበስኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም ከቆዳ በታች ያለውን ስብ ያሳብጠዋል። ያበጠው ቦታ ስሜቱ ስለሚቀንስ ሕመሙ ይጠፋል። ከዚያ ኢንሱሊኑ ወደ ደም የሚገባው አንዴ ዘግይቶ፣ አንዴ ቀንሶ፣ አንዴ ደግሞ ባንዴ ይሆናል። ስለዚህ «አያምም» ማለት «ጥሩ ቦታ ነው» ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት የተበላሸ ቦታ ስለሆነ ነው የማያመው።

ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ አደጋም አለ። ቦታ የቀየርኩ ቀን የኢንሱሊኑን መጠን አልቀነስኩም ነበር። አዲሱ ቦታ ጤነኛ ስለሆነ ኢንሱሊኑን ሙሉ በሙሉ ወሰደው። ሌሊት ስኳሬ በጣም ወርዶ 48 (mg/dL) ገባ። ባለቤቴ በላብ ተጠምቄ አግኝቶኝ ጭማቂ እየጋተ ነው ያነቃኝ። እንዲህ ያለ እብጠት ላይ የቆያችሁ ሰዎች ወደ አዲስ ቦታ ስትሄዱ መጠኑን ስለ መቀነስ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ለብዙ ቀን ቶሎ ቶሎ ለኩ።

አሁን ሆዴን በሐሳቤ ለአራት ከፍዬዋለሁ። በየተራ እዞራለሁ። አዲሱ ቀዳዳ ከቀድሞው ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ ይህም ወደ ሁለት ጣት ስፋት ነው። ከእምብርት ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር። ከሆድ ሌላ የዳሌ ላይኛው ክፍል፣ ጭን፣ የክንድ ጀርባ አለ። ጠባሳ፣ ቀበቶ የሚያርፍበትና ያበጠ ቦታ ይዘለላል። ያበጠውን ለወራት ማሳረፍ ያስፈልጋል። የእኔዋ ሎሚ እስክትጠፋ ብዙ ወራት ፈጅታለች።

ይህ ነገር ፓምፕ ለሌለውም ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፓምፕ ያለው ሰው ከስንት አንድ ነው። አብዛኛው በስሪንጅ ነው የሚወጋው። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ መርፌ ስለሚወደድበት አንዱን ደጋግሞ ይጠቀም ነበር፣ ያውም ሁልጊዜ ቀኝ ጭኑ ላይ። መርፌን መደጋገምና ቦታን አለመቀየር ሁለቱም ይህን እብጠት ያመጣሉ። በስልክ «ጭንህን ዳብሰውና ንገረኝ» አልኩት። ነበረበት።

«5 ወይም 6 ቀን ይቆይ»

ምክንያታቸው ይገባኛል። አንደኛ፣ ትንሽ መወጋት ይሻላል ብለው ነው። ሁለተኛ፣ መሰኪያው ውድ ነው። ኢንሹራንስ በየወሩ ቆጥሮ የሚሰጥበት አገር ላይ ይህን መናገር ነውር የለበትም።

ግን አብዛኞቹ ባለ ለስላሳ ካኑላ መሰኪያዎች የተሠሩት ለ2 ወይም ለ3 ቀን ነው። ባለ ብረት መርፌዎቹ ቢበዛ ለ2 ቀን ናቸው። ሰውነት ካኑላውን እንደ እሾህ ነው የሚያየው። ቀን በጨመረ ቁጥር ዙሪያውን ይቆጣል። ኢንሱሊኑ እንዳይበላሽ የሚጨመሩት ፌኖልና ሜታክሬሶል የተባሉ ኬሚካሎችም ለዚህ ቁጣ አስተዋጽኦ እንዳላቸው ተመራማሪዎች ይጠረጥራሉ። ቀዳዳው ለባክቴሪያም በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለ7 ቀን የሚቆይ መሰኪያ ፈቃድ አግኝቷል። እሱ ግን ለዚያ ተብሎ ተለይቶ የተሠራ ነው። የ3 ቀኑን 6 ቀን ማቆየት የ7 ቀኑን አያደርገውም።

እኔ አንድ ጊዜ ብቻ 5 ቀን አቆይቻለሁ። መንገድ ላይ ነበርኩ፣ መቀየሪያ ረስቼ። መግል ቋጠረ፣ ተቀደደ፣ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። ለሁለት ሳምንት በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም።

በ3 ቀን ቆዳው የሚቆጣበት ሰው በ2 ቀን ሊቀይር ይገባል። ሐኪሙ ምክንያቱን ገልጾ «በየ2 ቀኑ ይቀየር» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንሱ ተጨማሪ እንዲሸፍን የሚጠየቀው በዚህ መንገድ ነው። ለእኔ ሠርቷል።

«ረጅሙ ካኑላ ይሻላል፣ አይወጣም»

ቆዳችን ራሱ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው። በቀጭንና በወፍራም ሰው መካከል ብዙ ልዩነት የለውም። የሚለያየው ከሥሩ ያለው ስብ ነው። ቀጥ ብለው የሚገቡ ካኑላዎች ብዙውን ጊዜ 6 እና 9 ሚሊ ሜትር ናቸው። እንደ እኔ ቀጭን የሆነ ሰው 9ኙን ሲሰካ ጡንቻ ሊነካ ይችላል። እኔ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የሚወጋኝ በእሱ ነበር። ወደ 6 ስቀይር ቀረ። አግድም የሚገቡም አሉ፣ ለቀጭን ሰው ይመቻሉ። ካኑላው የሚታጠፍበት ወይም ለስላሳው የማይስማማው ሰው ባለ ብረቱን መሞከር ይችላል።

መሰኪያ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጎተት ነው። ቱቦውን አንድ ዙር ጠቅልሎ በሌላ ፕላስተር ቆዳ ላይ ማጣበቅ ይበቃል። ሲጎተት ፕላስተሩን ይስባል እንጂ ካኑላው ድረስ አይደርስም። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ መቀነት የምትታጠቁ እህቶች፣ በበዓል ዋዜማ ወገባችሁ ላይ አትሰኩ። እኔ ስቅለት ዕለት ሆዴ ላይ ሰክቼ ስሰግድ ውዬ ካኑላው ታጥፎ ነበር። ማታ ስኳሬ ከ300 በላይ ሆኖ ነው ያወቅሁት። (ጾሙንና ስግደቱን በተመለከተ ከሐኪሜም ከንስሐ አባቴም ጋር ተነጋግሬ ነው የማደርገው።) አሁን ለሰሙነ ሕማማት ክንዴ ላይ ነው የምሰካው።

«ሲያሳክክ ነጭ ሽንኩርትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት»

የእናቶቻችንን መድኃኒት የምንቅ ሰው አይደለሁም። ጉንፋን ሲይዘኝ ነጭ ሽንኩርት በማር እበላለሁ። የተከፈተ ቀዳዳ ያለበት ቆዳ ላይ ግን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አይደረግም። ቆዳን እንደ እሳት ሊያቃጥል ይችላል። ዘይት ደግሞ ፕላስተሩን ያላቅቀዋል፣ ካኑላው ሳታውቁት ይወጣል፣ ኢንሱሊኑ ልብስ ላይ ይፈስሳል።

መጀመሪያ የሚያሳክከው ምን እንደሆነ ማየት ነው። ቅላቱ የፕላስተሩን ቅርጽ ይዞ ከወጣ ጥፋተኛው ሙጫው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የቆዳ ሐኪሞች በስኳር መለኪያ ሴንሰሮችና በአንዳንድ ፓምፖች ውስጥ አይሶቦርኒል አክሪሌት የሚባል ኬሚካል አለርጂ እንደሚያመጣ ደርሰውበታል። የአሜሪካ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ብሎ መርጦታል። ስለዚህ «ቆዳዬ ስስ ስለሆነ ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። የቆዳ ሐኪም በምርመራ ሊለየው ይችላል። እስከዚያው ከፕላስተሩ ሥር የሚቀባ መከላከያ ፊልም ወይም ስስ የቁስል ፕላስተር ማድረግ ብዙ ሰው ይረዳል። በአልኮል ጥጥ ከጠረጋችሁ በኋላም ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ አልኮል ከካኑላው ጋር ሲገባ ያቃጥላል።

ዘይት ከፈለጋችሁ ፕላስተሩን ስትነቅሉ ተጠቀሙበት። ያኔ ጥሩ ነው፣ ቆዳ ሳይላጥ ቀስ ብሎ ይለቃል።

«ፓምፑን ነቅላችሁ ለአንድ ሌሊት እረፉ»

ጸሐፊው «እኔ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ብለዋል። አምናቸዋለሁ። ዓይነት 2 ስላለባቸው ሰውነታቸው አሁንም የራሱን ኢንሱሊን ጥቂትም ቢሆን ያመርት ይሆናል። ያ ነው ሌሊቱን ያሻገራቸው። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ሰውነት ግን ኢንሱሊን ማምረት ወይ አቁሟል ወይ ሊያቆም ምንም አልቀረውም። ያ የ11 ዓመት ልጅ ይህ ምርኩዝ የለውም። እኔም የለኝም።

ፓምፕ ውስጥ ያለው ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ኢንሱሊን በሰውነታችን ውስጥ የለም። ፓምፑ ከተነቀለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያለው ያልቃል። ከዚያ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ኪቶን የሚባል አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ የበሰበሰ ፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን ይመጣል። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው። 8 ሰዓት የተኛ ልጅ ይህን ሁሉ በእንቅልፉ ሊያልፍበት ይችላል፣ ማንም ሳያይ።

ሌሊት ቦታው ካመማችሁ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ሰኩ። መሰኪያ ካለቀባችሁ በፔን (እስክሪብቶ በሚመስለው የኢንሱሊን መውጊያ) ወይም በስሪንጅ ተወጉ። ለዚህ የሚሆን መጠን ሐኪማችሁ አስቀድሞ ይጻፍላችሁ። ስኳር ከ250 በላይ ሆኖ ቦለስ ሰጥታችሁ በ2 ሰዓት ውስጥ ካልወረደ ካኑላውን አትመኑት። በመርፌ ተወጉ፣ መሰኪያውን ቀይሩ፣ ኪቶን ለኩ። ኪቶኑ ከፍ ካለ ወይም ማስታወክ ካለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከፓምፕ ማረፍ የሚፈልግ ሰው ማረፍ ይችላል፣ መብቱ ነው። ግን የሚያርፈው ለረጅም ሰዓት ወደሚሠራ ኢንሱሊን ከሐኪም ጋር ተማክሮ በመዛወር ነው።

የእኔ ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ መሰኪያ፣ አንድ ፔን፣ የኪቶን መለኪያ ወረቀትና ሁለት ከረሜላ አለ። ሠርግም ልሂድ ልቅሶ።

ወንድሜ ጸሐፊው፣ ጽሑፍዎን በሙሉ ይሰርዙት አልልም። በአማርኛ ስለ ፓምፕ የሚጻፍ ነገር ጥቂት ነው፣ ብዙ እናቶች የእርስዎን እያነበቡ ነው። ለዚህም ነው የምለምንዎት። ሌላው ቢቆይ፣ የ6 ቀኑንና የአንድ ሌሊቱን ምክር ዛሬ ያስተካክሉልን።